መምህር ልየው የመረጡልኝ ጥናቶች

የመምህር ልየው ታከለን ዕረፍት የነገረችኝ የባለቤታቸው የእትዬ የሺ የእኅት ልጅ ናት። ባሕር ዳር፣ ክፍል ውስጥ፣ ተማሪ ፊት ቆሜ ነበር። ስልኩ እየተቆራረጠ «መምህር… ዛሬ ጠዋት… ቅዳሴ ሳይወጣ…» ስትለኝ ማመን አልወደድሁም። እኔ በተፈጥሮዬ ወሬ ሲመጣልኝ ከወሬው በፊት አምጪውን የማይ ሰው ነኝ፤ ወረታ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። የልጅቱን ስልክ ዘግቼ ለማስተዋል ደወልሁ። ማስተዋል ከመምህር ዘንድ አብሮኝ ፒያኖ የተማረ፣ ዛሬ አዲስ አበባ የሚያስተምር የሰፈሬ ልጅ ነው። ሲያለቅስ እየሰማሁት እንኳ «ማን ነገረህ? በዓይኑ ያየ ሰው አለ?» አልሁት።

«አንች ሰው!» አለኝ። «ቀብሩ ነገ ነው። እኔ ትኬት ቆርጫለሁ። ልትቀብሪያቸው እንደሁ ተነሽ!»

ያን ጊዜ ነው ወንበር ስቤ የተቀመጥሁ።

በማግስቱ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ወረቀቱ ጥሩ ወረቀት ነበር፤ የተወለዱበትን መንደር፣ አዲስ አበባ በሙዚቃ መምህርነት ያሳለፉትን ዘመን፣ በጡረታ ወደ አገራቸው መመለሳቸውን ሁሉ ይዟል። አንባቢው «ተማሪዎቻቸውን ሁሉ በእኩል ዓይን ያዩ፣ ለማንም ያላዳሉ» ሲል ግን ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብሁ። ማስተዋል አጠገቤ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያ ዐረፍተ ነገር እውነት መሆኑን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት ሐሰት ነው ብዬ አምኜ ኖሬአለሁ፤ አምኜም አልቀረሁ፣ ለሰው አውርቻለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው። የምታውቋቸው ሁሉ አንብቡልኝ።

መምህር ልየው ወደ ወረታ የተመለሱት እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ዕቃቸውን የጫነው አይሱዙ ከጎንደሩ መንገድ ታጥፎ ወደ ሰፈራችን ሲገባ፣ ከላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ በገመድ የተጠፈረ ትልቅ ጥቁር ሣጥን ነበረበት። ለማውረድ ስምንት ሰው ፈለገ። ሰው ተሰበሰበ፤ ማንም አልተጠራም፣ ማንም አልቀረም። አንዱ የሬሳ ሣጥን ነው አለ። ሌላው «አዲስ አበባ ኑሮ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ወርቅ ነው» አለ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ሲያወርዱት ከውስጡ የተቃሰተ ድምፅ ሰምቻለሁ ብላ አማተበች። እርሳቸው የሰውን ዓይን አዩና ሣቁ። ገመዱን አስፈትተው፣ የፊቱን ሰሌዳ በእጃቸው አንሥተው፣ ያንን ሁሉ የፒያኖ ክርና መዶሻ ለሰፈሩ አሳዩ። «ኑ፣ እዩ፤ የተደበቀ የለበትም» አሉ። እኔ ከፊት ቆሜ ነበር። ሁሉም አይቶ ሲበተን እኔ ጎንበስ ብዬ ከሥሩም አየሁ።

በዚያው ዓመት በትምህርት ቤት በዓል ላይ ኪቦርድ ስነካ ሰምተውኝ ኖሮ፣ ቤታችን ድረስ መጥተው አባቴን አነጋገሩት። አባቴ ገበሬ ነው፤ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከርብ ወንዝ ወዲህ ማሳ አለው። «ትምህርት ከሆነ ምን ከፋ» ብሎ ፈቀደ። እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ልጆች እቤታቸው እንማር ጀመር፤ እኔ፣ ማስተዋል፣ እና ሁለት እኅትማማቾች።

ፒያኖ ለማታውቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ተማሪ መሠረቱን ከጨረሰ በኋላ «ጥናት» የሚባሉ ድርሰቶች ይሰጡታል። እያንዳንዱ ጥናት አንድ ችግር ይዞ የሚመጣ ነው፤ አንዱ ለደካማ ጣቶች፣ አንዱ ለግራ እጅ ዝላይ፣ አንዱ እጅን በሰፊው ዘርግቶ በፍጥነት ለመምታት። መምህር እነዚህን መጻሕፍት በአንድ ባለ አራት ዕርከን መደርደሪያ ላይ ደርድረዋቸው ነበር፤ ቀለል ያሉት ከታች፣ ከባዶቹ ከላይ። እኛ የዚህ አገር ልጆች ነን፤ ትምህርት ማለት ከፊደል ወደ ዳዊት፣ ከዳዊት ወደ ዜማ መውጣት ነው ብለን ያደግን። ስለዚህ መደርደሪያውን እንደ ማዕርግ ቆጠርነው። ወረታ ገበያ ላይ የማስተዋል እናት እናቴን «የኔው ሦስተኛው ላይ ወጥቷል፤ ያንችዋሳ?» ብላ ስትጠይቃት እናቴ ተናዳ መጣች። ፒያኖ ምን እንደሆነ የማታውቅ እናቴ፣ ስንተኛው ዕርከን ላይ እንደሆንሁ ግን ታውቅ ነበር።

መምህር ይህን ሲሰሙ ይበሳጩ ነበር። «ይኸ ዳዊት አይደለም፤ ከፊት ወደ ኋላ አይወርድም» ይሉን ነበር። «ገበሬ ልጆች አይደላችሁም? ውኃ ለሚተኛበት ማሳና ለደረቁ ማሳ አንድ ዘር ትዘራላችሁ? ለየማሳው የየራሱ ዘር አለው፤ ለየእጁም የየራሱ ጥናት አለው።»

አመራረጣቸውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አዲስ ጥናት ሲያወጡልን መጀመሪያ በጣም በዝግታ አንድ ገጽ ያስነብቡናል። ጨርሶ ያልተደናቀፈ ከሆነ መጽሐፉን ይዘጉታል፤ «ይችን ታውቃታለህ፤ ምን ታደርግልሃለች?» ይላሉ። በየመስመሩ የቆመ ከሆነም ይዘጉታል። አንዲት ሁለት ቦታ ብቻ የታገለ ከሆነ ግን ፊታቸው ይፈካል። ከዚያ ሁለት ጣታቸውን ከአንጓችን ሥር ያኖሩና ጅማቱ መወጠሩን ይዳስሳሉ። «ያመመሽ ዕለት ጥናቱ ካንች በላይ ነው፤ ደብቀሽ እንዳትጫወችው» ብለውኛል። ማስተዋል አንድ ጊዜ የሚያምር ጥናት መርጦ «ይችን እወዳታለሁ» ሲላቸው «የምትወዳትን ኋላ ትደርስባታለህ፤ አሁን የሚጎድልህን አምጣ» ብለው ሌላ ሰጡት።

በመጨረሻ ደግሞ አንድ የተለየ ልማድ ነበራቸው። ጥናቱን ሁለት ሦስት ሳምንት ከተለማመድን በኋላ እየተጫወትን ሳለ ወደ መስኮቱ ሄደው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ስለ ቤታችን ይጠይቁን ነበር። ውኃው ዘንድሮ የት ደረሰ? ላሟ ወለደች? እናትሽ ምን ትሠራለች? አባትሽ ዛሬ ወዴት ዋለ? መጫወቱን ሳናቆም መመለስ አለብን። ለምን እንደሚጠይቁ አይነግሩንም። እኔም አልጠየቅኋቸውም፤ የገባኝ መስሎኝ ነበርና።

የገባኝ የመሰለኝ እንዲህ ነው። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ገብቼ ነበር። በፎገራ ሜዳ ነሐሴ ላይ ርብ ሲሞላ ማሳውን ሁሉ አንድ ባሕር ያደርገዋል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ የድንበሩ ምልክት የለም። አባቴ ድንበር የሚጋራው አያ ደርሶ ከሚባል ሰው ጋር ነበር፤ አያ ደርሶ ደግሞ የእትዬ የሺ ወንድም ነው፤ የመምህር የሚስታቸው ወንድም መሆኑ ነው። በአንዲት ቁራጭ መሬት ተካሰው ቀበሌ ለቀበሌ ይመላለሱ ነበር። አባቴ ውኃው እንደ ሸሸ ማልዶ ሄዶ በዚያች ቁራጭ ላይ ጓያ ዘራባት። እናቴ ቅዳሜ ስወጣ በር ላይ ያዘችኝ።

«ተቤታችን ወሬ አንዲት እንዳትወጣ» አለችኝ። «ምን ይጠይቁሻል እኒያ ሰውዬ?»

«አባትሽ ወዴት ዋለ ይሉኛል።»

ደረቷን መታች። «አላልሁም? ለደርሶ ሊነግሩት ነዋ! በሬ ካራጁ ይውላል፤ አንችም እዚያ ትውያለሽ። ተጠየቅሽ ያልሆነውን በይ፤ ሰማሽ?»

ሰማሁ። መስማትም ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ ብርሃን ሆነልኝ። ፊታቸውን ወደ መስኮት የሚያዞሩት ለምን ነው? ዓይናቸውን እንዳላይ ነው። እየተጫወትሁ የሚጠይቁኝ ለምን ነው? እጄ ሥራ ላይ ሳለ አፌ ሳላውቀው እንዲያመልጠኝ ነው። ምን ያለ ብልህ ሰላይ ነው አልሁ፤ የገዛ ብልጠቴም ደስ አለኝ።

የዚያን ቅዳሜ ለቀለበት ጣትና ለትንሿ ጣት የተጻፈ አንድ ጥናት እየተጫወትሁ ነበር። ከሦስተኛው ዕርከን የወረደ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት፤ እጄ የለመደው። መስኮቱ ጋ ቆሙ።

«አባትሽ ዛሬ ወዴት ዋለ?»

«ይፋግ… ገበያ ሄዷል።» አባቴ የዋለው ጓያው ላይ ነው።

«ይፋግ? ምን ሊያመጣ?»

«ጊደር» አልሁ፤ ግራ እጄ ዘገየ።

«እሰይ! ምን መልክ ናት?»

«ቡሬ… አይ፣ ጥቁር» አልሁ፤ እዚህ ላይ ሁለቱም እጆቼ ተጋጭተው ቆሙ። ጊደሯን ልፍጠራት፣ መልክ ልስጣት፣ ኋላ እንዳልረሳት ልያዛት፣ ወይስ ጣቴን ልጠብቅ?

«እህ» አሉ መምህር። መጽሐፉን ከፊቴ አንሥተው ወደ መደርደሪያው ወሰዱትና ከሁለተኛው ዕርከን ሌላ አወረዱልኝ።

ከእኔ ቀጥሎ ማስተዋል ተቀመጠ። ማስተዋል የሆዱን በሆዱ የማይዝ ልጅ ነው። እናቱና አባቱ በፍየል መጣላታቸውን፣ አያቱ ከማን ጋር እንደተኮራረፈች፣ ሁሉንም እየዘረዘረ፣ እየሣቀ፣ አንዲት ቁልፍ ሳይስት ተጫወተ። መምህር «ጎበዝ» ብለው ከላይኛው አወረዱለት። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ነገሩን ገጣጠምሁ፤ ቤቱን የሚሸጥ ይሾማል፣ ቤቱን የሚጠብቅ ይሻራል።

እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት፣ ከዚያም ሌላ ዓመት አለፈ። እጄ እየጠነከረ ይሄድ ነበር፤ ብቻዬን ስሆን ይታወቀኛል። ግን በየሦስት ሳምንቱ ጥያቄው ይመጣል፤ እኔም አዲስ ውሸት እፈጥራለሁ፤ እደናቀፋለሁ፤ ከሁለተኛው ዕርከን ሳልወጣ እቀራለሁ። አያቴ ቄስ ነበሩ፤ «መምህር የመጨረሻይቱን ቀለም ለራሱ ያስቀራል» የምትል ነገር ነበረቻቸው። ይችን ነገር ይዤ ለእኅትማማቾቹ ነገርኋቸው። «እኚህ ሰው የሚያስተምሩን ወሬ ሊለቅሙ ነው፤ ያልወደዱትን አያሳድጉም» አልኋቸው። እነርሱ ለእናታቸው ነገሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም፤ በዚያው ቀሩ። መምህር ብዙ ቅዳሜ በረንዳው ላይ ቆመው በመንገዱ ሽቅብ ቁልቁል ሲያዩ አስታውሳለሁ። አንድ ቀን «ምነው ልጆቹን አመማቸው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «እንጃ» አልኋቸው።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንጨርስ እኔና ማስተዋል አዲስ አበባ ላለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ልንሄድ ሆነ። መምህር ለማስተዋል እጅን ዘርግቶ በፍጥነት የሚመታውን ከላይኛው ዕርከን ሰጡት። ለእኔ ከሁለተኛው ዕርከን አንዲት የግራ እጅ ጥናት መረጡልኝ። «ይችን ይዘሽ ሂጂ፤ ግራ እጅሽ ይናገርባታል» አሉኝ። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። «ይኸው» አልሁ በልቤ፣ «እዚያም እንዳልገባ ነው፤ ለአያ ደርሶ የገቡለት ቃል ሳይኖር አይቀርም።»

ስለዚህ የማስተዋልን ጥናት ገጽ በገጽ በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። መምህር ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር በየጊዜው ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደው ሦስት አራት ቀን ይሰነብታሉ፤ እርሱንም እጠረጥረው ነበር፣ ነገሩን ብቻ ተዉት። እርሳቸው በሌሉበት ሄጄ እትዬ የሺን «መምህር ፈቅደውልኛል» አልኋት። እርሷ ምን ታውቃለች፤ በሩን ከፈተችልኝ፣ ውኃ አቀረበችልኝ፣ ድካሜን አይታ «እንዴት ያለች ታታሪ ልጅ ናት» እያለች ወጥታ ገባች። ቀኝ እጄ ከአንጓው እስከ ክርኑ ይነድ ነበር። ሲያም ማቆም እንዳለብኝ አውቃለሁ። ያስተማሩኝ እርሳቸው ስለሆኑ አላቆምሁም።

ፈተናው ላይ የማስተዋልን ጥናት ተቀምጬ ጀመርሁት። የመጀመሪያው ገጽ አለፈ። ሁለተኛው ላይ እጄ እንጨት ሆነ፤ ጣቶቼ ከቁልፉ ላይ አልነሣ አሉኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ቆምሁ። ከፈታኞቹ አንዷ ሴትዮ ደግ ነበረች፤ «አይዞሽ፤ ሌላ ያዘጋጀሽው አለ?» አለችኝ። ነበረኝ። መምህር የመረጡልኝ በጣቴ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ዓይኔን ጨፍኜ የምጫወታት። ግን ያችን ከተጫወትሁ ዝቅተኛ መሆኔን በአፌ መመስከሬ ነው፤ የተደገሰልኝ ወጥመድም ይኸው ነው አልሁ።

«የለም» አልኋት።

ማስተዋል ገባ። እኔ ወደ ወረታ ተመለስሁ።

በዚያ ክረምት ማለቂያ ሽማግሌዎች ጣልቃ ገብተው፣ ማሳው ላይ ገመድ ጥለው፣ ድንበሩን አበጁት። አባቴና አያ ደርሶ ታርቀው በአንድ ገበታ በሉ። ጥቅምት ላይ እኔ በኀፍረት አንገቴን ደፍቼ መምህር ቤት ሄድሁ። ምን አድርገሽ ወደቅሽ አላሉኝም፤ ማስተዋል ምን እንደተጫወትሁ ሳይነግራቸው አልቀረም። «ነይ፣ ቁጭ በይ» ብቻ አሉኝ። ያችኑ የግራ እጅ ጥናት ከፈቱልኝ፤ ስጫወት ወደ መስኮቱ ሄዱ።

«አባትሽ ወዴት ዋለ?»

«ከአያ ደርሶ ጋር ሩዝ ያጭዳል» አልሁ። የምደብቀው አልነበረኝም።

«ዘንድሮ እንዴት ነው ሩዙ?»

«ጥሩ ነው፤ ውኃው ቶሎ ሸሸለት። አያ ደርሶ ግን በሬው ታሞበታል፤ በአባቴ ጥማድ ነው የሚያርሰው። እናቴ በዚህ ታጉረመርማለች።»

እጄ አልቆመም። መምህር ከመስኮቱ ዞሩ። ቀረብ ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡና ዓይኔን ሳይሆን ጣቶቼን አዩ። የዚያኑ ዕለት ከሦስተኛው ዕርከን ጥናት አወረዱልኝ፤ ከገና በኋላ ሌላ፤ ለፋሲካ ሌላ። «አንች ልጅ፣ ምን ነካሽ?» ይሉኝ ነበር እየሣቁ። በሚቀጥለው ዓመት እርሳቸው የመረጡትን ይዤ ሄጄ ትምህርት ቤቱ ገባሁ። ያኔስ ምን ያሰብሁ ይመስላችኋል? አሁን ክሱ ስላለቀ ነው የለቀቁኝ አልሁ። ለንጽሕናቸው ምስክር ሆኖ የመጣውን ነገር ሁሉ እኔ ለክሴ አዋልሁት።

ዓመታት አለፉ። ባሕር ዳር ማስተማር ጀመርሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት ተማሪ አስቸገረችኝ፤ እጇ ጎበዝ ነው፣ ጥናት ስመርጥላት ግን ወይ ይከብዳታል ወይ ይቀላታል። ሰው ባማክር ብዬ ሳስብ ከእርሳቸው ሌላ የሚመጣብኝ አጣሁ። ወረታ ወረድሁ። እግራቸው አብጦ፣ አልጋ ላይ ደገፍ ብለው አገኘኋቸው። ደስ አላቸው። የልጅቱን ነገር ከሰሙ በኋላ «እየተጫወተች ጠይቂያት» አሉኝ።

«ምን ልጠይቃት?»

«ያገኘሽውን። ላሟን፣ ጎረቤቷን። እጅ ብቻውን ካወቀ አፍ ነጻ ይሆናል። መልስ ስትሰጥ ከቆመች ጥናቱ ገና ጭንቅላቷ ውስጥ ነው ያለ፤ ከብዷታልና አውርጂላት። ሳታቆም ካወራች ከፍ አድርጊላት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የመረጥሁት በዚህ ነው፤ አንቺንም ማስተዋልንም።»

«መልሱንስ… ይሰሙት ነበር?» አልኋቸው።

«የቱን መልስ?» አሉ ገርሟቸው። «ምኑን እሰማዋለሁ! እጁን ነው እንጂ የምሰማ። ለዚህ አይደል ፊቴን የማዞር? ዓይን ያታልላል።»

ከደጅ የሩዝ መፈልፈያው ይጮሃል። ባጃጆች ያልፋሉ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የፈጠርኋቸውን ጊደሮች፣ ያልሄደባቸውን ገበያዎች፣ ያልታመሙ ዘመዶቼን ሁሉ አሰብኋቸው።

እርሳቸው ቀጠሉ። «አንድ ሰው ላይ ብቻ አልሠራልኝም፤ በአንች። እጅሽ እንደሚችል ይሰማኛል፤ ስጠይቅሽ ግን ትደናቀፊያለሽ። ቀላል ጥናት ስሰጥሽም ያው ነው። ሁለት ዓመት አለቦታሽ አስቀመጥሁሽ፤ ተፈተንሽም ወደቅሽ። ኋላ በአንድ ጊዜ ስትወጪ ሳይ፣ አይ፣ ይኼ ጆሮ ደክሟል አልሁ። ካንች ወዲህ ከፍ ያለ ጥናት ለልጅ መምረጥ ተውሁት። ሌላ ልጅ እንዳልበድል ፈራሁ። ለመጣው ሁሉ ጀማሪውን ብቻ አስተማርሁ።»

እጃቸውን በእጄ ላይ አኖሩ። «ቅር እንዳይልሽ» አሉኝ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትሁ፤ እትዬ የሺ ገባች። የአያ ደርሶ እኅት ናት፤ በእርሷ ፊት ምን ብዬ ልጀምረው? ሌላ ጊዜ ብቻችንን ስንሆን እነግራቸዋለሁ አልሁ። «ኧረ ምንም ቅር አላለኝም» ብዬ፣ እንደ ይቅር ባይ ሆኜ፣ እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ያ ሌላ ጊዜ አልመጣም።

እንግዲህ የምታውቋቸው ሁሉ፣ ይኸው ሰማችሁ። እናንተ ሁለት እኅትማማቾች፣ ያን ጊዜ የነገርኋችሁ ሐሰት ነበር፤ ጣቶቻችሁን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። እትዬ የሺ፣ በሩን ያስከፈትሁሽ በውሸት ነው። ከእኔ በኋላ እዚያ ቤት ገብታችሁ ጀማሪውን ብቻ ተምራችሁ የወጣችሁ ልጆች፣ መምህራችሁ ከዚያ በላይ የማያውቁ እንዳይመስላችሁ። ያውቁ ነበር፤ በገዛ ጆሯቸው እንዳይተማመኑ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።

መምህር ልየው፣ ደህና ይሁኑ። ከሄዱ ወዲህ አንድ ሐሳብ ይመላለስብኛል፤ ምናልባት አውቀው ይሆን? ያን ዕለት በገዛ ራስዎ ላይ ጥፋቱን ሲያደርጉ፣ እኔ እንድናዘዝ በር መክፈትዎ ይሆን? እንዲህ ብዬ ብጠረጥር በቀለለኝ ነበር። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ጠርጥሬዎታለሁ፤ አሁን እንኳ ልተውዎት። አላወቁም። የነገሩኝ የሚያምኑትን ነው፤ አምነው፣ አዝነው፣ ይቅርታ ጠይቀውኝ ሄዱ። እንግዲያው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ፊቴን ሳላዞር ልንገርዎት። የደከመ ነገር አልነበረዎትም። ጆሮዎ ልክ ነበር፤ የሰሙት ውሸቴን ነው።